ፎቶው ከልጅ፣ ስሙ ከአያት፤ የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች እንዴት ማኅበርተኞች ሆኑ?

(በማትናስ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም እንዳልቀረ እናውቃለን። «ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት፣ በኢትዮጵያ ስለቀሩት ወገኖቻችን መነጋገር ሲገባን ስለ ወፍና ስለ አበባ ፎቶግራፍ መነጋገር ምን ይሉታል?» ብለው የጠየቁን አባት አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ለራሳችን ደጋግመን የጠየቅነው ነው። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን አንድ የደረሰብንን ነገር እንድናጫውታችሁ ፍቀዱልን።

ባለፈው የጸደይ ወራት፣ ከፋሲካ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአንድ ዓርብ ጧት ልጆችንና አያቶችን ይዘን ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወጥተን ነበር። ዓላማችን ልጆቹ እንዲንሸራሸሩ፣ ሽማግሌዎቹም ቤት ከመዋል ለጥቂት ሰዓት እንዲገላገሉ ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን አውጥተው ያገኙትን ሁሉ ፎቶ ያነሣሉ። ከመካከላቸው አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቢጫ አበባ ያላትን ትንሽ ቁጥቋጦ አነሣችና ስልኳ ስሟን ፈልጎ አወጣላት። በዕብራይስጥ «ፔጋም» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በላቲን «ሩታ ካሌፔንሲስ» ይላል። ልጅቷ ወደ እኛ ዞር ብላ «ፔጋም ምንድን ነው?» አለችን። እኛ ወላጆቹ እርስ በርሳችን ተያየን። ሁላችንም ኡልፓን ገብተን ተምረናል፤ ይህን ቃል ግን ያስተማረን አልነበረም።

አያቷ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርፉ ነበር። ቀስ ብለው ተነሥተው መጡና ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ጣታቸውን አሸተቱ። «ኧረ ልጄ! ይኼማ ጤና አዳም ነው! ከቡና ጋር የሚቀርበው። ጓሯችን ሙሉ አልነበረም እንዴ!» አሉ። ልጅቷ ተደንቃ «እማማ፣ አንቺ ቅጠል ታውቂያለሽ እንዴ?» ብትላቸው አያቷ ሳቁና «መድኃኒት ቤት ሳይከፈት በፊት በምን እንድን ነበር መሰለሽ?» ብለው መለሱላት።

በኢትዮጵያ በየጓሮው የሚተከለው ጤና አዳም በዚህ አገር ኮረብታ ላይ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ብዙ ዓመት በአጠገቡ ስናልፍ አላየነውም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን አንድ ነገር ተገለጠልን። ልጅቷ ፎቶው ነበራት፤ ስሙ ግን ባዕድ ሆነባት። አያቷ ስሙንና ጥቅሙን ያውቁ ነበር፤ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም። ሁለቱ ሲገናኙ ዕውቀት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች በሌላው ዓለም እንዴት ወደ ማኅበር እንደ መጡ ስናጠና፣ የማኅበራቸው መሠረት ይኸው ሆኖ አገኘነው፦ አንዱ ያየውን ያመጣል፣ ሌላው ስሙን ይነግረዋል።

ታሪኩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በበሬ ሆድ ውስጥ የተደበቀው ሰው

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሸር ተራሮች መካከል የተወለዱ ሪቻርድ ኪርተንና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። የገበሬ ልጆች ናቸው። በ1892 እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ በዱር ፎቶግራፍ አነሡ። በ1895 ደግሞ ስለ ወፍ ጎጆዎች የሚናገር፣ ሥዕሎቹ በሙሉ በዱር የተነሡ ፎቶግራፎች የሆኑበት መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን ካሜራ ማለት በእግሮች ላይ የሚቆም ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ምስሉም የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ገደል መውጣትና ረግረግ ማቋረጥ ምን ያህል እንደሚያደክም እናንተ አትስቱትም።

ትልቁ ችግር ግን ሸክሙ አልነበረም። ወፏ ሰው ስታይ ትበራለች። ስለዚህ በ1900 ወንድማማቾቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። የበሬ ቆዳ በእንጨት ላይ አስወጥረው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የቆመ በሬ አሠሩ። ሰውዬው ከነካሜራው በበሬው ሆድ ውስጥ ገብቶ በቀዳዳ ያያል። ወፎችም በሬ ስለማይፈሩ ይቀርባሉ። ይህን ስናነብ የሳቁት አባቶቻችን ናቸው። በልጅነቱ ከብት የጠበቀና ወፍ በላም ጀርባ ላይ ስትቀመጥ ያየ ሰው ይህን ብልሃት ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ኪርተኖችም ቢሆኑ ወፎችን ማወቅ የጀመሩት በአባታቸው እርሻ ላይ ነው።

እንደ ዕቁብ የምትዞር ሣጥን

እንግዲህ ካሜራ ይዞ ዱር የሚገባው ሰው እየበዛ ሲሄድ አንድ ሌላ ችግር መጣ። አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ፣ ሁሉም ለየብቻው ነበር። ያነሣውን የሚያይለት፣ የተሳሳተውን የሚያርመው ጓደኛ አልነበረውም። በ1899 እዚያው እንግሊዝ አገር የእንስሳት ፎቶግራፍ አንሺዎች ክበብ ተመሠረተ። የክበቡ ሥራ የሚካሄደው በፖስታ ነበር። አባሉ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች በሣጥን ውስጥ ይጨምርና ለሚቀጥለው አባል ይልካል። ያኛው የሌሎቹን አይቶ አስተያየቱን ጽፎ፣ የራሱን ጨምሮ ለሦስተኛው ያስተላልፋል። ሣጥኗ ዙሯን ጨርሳ ስትመለስ የመጀመሪያው አባል በእርሱ ፎቶ ላይ ጓደኞቹ የጻፉትን ያነባል፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ይጨምራል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብ ነው። ልዩነቱ ገንዘብ በማዞር ፈንታ ዕውቀት ማዞራቸው ነው። ዕቁብ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ ሁሉም በተራው በመጣሉና ሁሉም በመተማመኑ። የሣጥኗም ሕግ ይኸው ነበር። የሌላውን እያየ የራሱን የሚደብቅ ሰው ማኅበርተኛ ሊሆን አይችልም።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኤማ ተርነር የምትባል ፎቶ አንሺ በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ ስፍራ በጀልባ ላይ እየኖረች ወፎችን ታነሣ ነበር። በሸምበቆ ውስጥ የሚሸሸግ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ አንድ ወፍ ከአገሩ እንደ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲያም እንደማይፈለፈል ተቈጥሮ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። በ1911 ኤማ ተርነር የዚያን ወፍ ጫጩት በሸምበቆው ውስጥ አግኝታ ፎቶ አነሣችው። ጠፋ የተባለው ወፍ ተመልሶ እየተራባ መሆኑ በዚያ ፎቶ ተረጋገጠ። ምስሉ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ማኅበሩ ግን ጥፋትም ነበረበት። ፎቶ ለማግኘት ሲሉ ጎጆውን የሸፈነውን ቅርንጫፍ የሚቆርጡ፣ እናቲቱን ከእንቁላሎቿ ላይ የሚያስነሡ ነበሩ። ቅርንጫፉ የተቆረጠበት ጎጆ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። በዚህ ምክንያት የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች ከጊዜ በኋላ አንድ ደንብ አወጡ፤ ከፎቶው ይልቅ የእንስሳው ደኅንነት ይቀድማል የሚል ነው። እስከ ዛሬም የሙያው የመጀመሪያ ደንብ ይህ ነው። ኦሪትም እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አንድ ላይ መውሰድን እንደምትከለክል ቄሶቻችን አስተምረውናል፤ ስለዚህ ደንቡ ለልጆቻችን አዲስ ሊሆንባቸው አይገባም።

ሣጥኗ ወደ ኢንተርኔት ስትገባ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2008 በአሜሪካ አገር፣ በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኔት አግሪን፣ ጄሲካ ክላይንና ኬን-ኢቺ ኡዌዳ የተባሉ ሦስት ተማሪዎች ለሁለተኛ ዲግሪያቸው መመረቂያ የሚሆን ሥራ ሠሩ። ስሙን አይናቹራሊስት አሉት። ሥራው የዚያች ሣጥን ሥራ ነው፤ ግን በኢንተርኔት ነው። ሰው ያየውን እንስሳ ወይም ተክል ፎቶ ያነሣል፤ የት እንዳየ፣ መቼ እንዳየ ያስገባል፤ ከዚያም ሌሎች ስሙን ይነግሩታል።

ተማሪዎቹ ከተመረቁ በኋላም ሥራው አልቆመም። በ2014 የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ተቀበለው፤ በ2017 የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር አብሮ ገባ፤ በ2023 ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ከ200 ሚሊዮን በላይ ምልከታ አስገብተውበታል።

ለምን እንዲህ ሰፋ? እኛ እንደምናየው ምክንያቱ በጥያቄው ላይ ነው። የፎቶ ውድድር «ከሁሉ የሚያምረውን አምጣ» ይላል። በዚያ ላይ ውድ ካሜራ ያለው ያሸንፋል። ይህ ግን «ምን አየህ? የት? መቼ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። የተንቀጠቀጠ ፎቶ እንኳ የእንስሳው ማንነት ከታወቀበት ይጠቅማል። ዲግሪ አይጠየቅም። ከየት አገር መጣህ አይባልም። የሰባት ዓመት ልጅ ያነሣው ጉንዳንና ፕሮፌሰሩ ያነሣው ጉንዳን በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ስሙ የሚጸድቅበት መንገድም የሽምግልና ሥርዓት ይመስላል። አንዱ «ይህ እገሌ ነው» ይላል፤ ሌላው ይስማማል ወይም ይቃወማል። ፎቶው፣ ቦታውና ቀኑ ተሟልተው፣ አስተያየት ከሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛው በላይ በአንድ ስም ሲስማሙ ምልከታው ለምርምር የሚበቃ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያም የዓለም ሳይንቲስቶች ወደሚጠቀሙበት የመረጃ ማከማቻ ይተላለፋል። ከ2017 ጀምሮ ኮምፒዩተሩ ራሱ ስም ይጠቁማል፤ ለልጅቷ «ሩታ ካሌፔንሲስ» ያላትም እርሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ይሳሳታል። የመጨረሻው ቃል የሰዎች ነው።

«ተሳስታችኋል» ሲሉን

የሆነብንን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ከወጣቶቻችን አንዱ በሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ትልቅ ወፍ አነሣና በደስታ «ንስር» ብሎ አስገባው። በማግስቱ ስሙን የማናውቀው፣ በየት አገር እንዳለም የማናውቀው ሰው መልስ ጻፈ፦ ንስር አይደለም፣ ጅራቱን ተመልከቱ፣ መሐሉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነው። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «እኛን ሁልጊዜ ተሳስታችኋል ነው የሚሉን! በትምህርት ቤት ተሳስታችኋል፣ በሥራ ተሳስታችኋል፣ አሁን ደግሞ እዚህ!» ብሎ ስልኩን ሊያስቀምጥ ነበር።

ይህን ንዴት እናውቀዋለን። በየቢሮው ተርጓሚ ይዞ የሄደ፣ ስሙ ሳይጠየቅ የተቀየረበት፣ የጻፈው ቅጽ ሳይነበብ የተመለሰለት ሁሉ ያውቀዋል። እርማት በንቀት ሲሰጥ ስንቀበል ስለ ኖርን፣ በቅንነት የተሰጠው እርማት እንኳ ያቆስለናል።

የልጁ አያት ግን ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ሰውዬው ልክ ነው» አሉ። «ይህ ጭልፊት ነው። ጫጩት ነጥቆ ሲሄድ ጅራቱን ስንት ጊዜ ከኋላው አየሁት! ድንጋይ እየወረወርኩ አባርረው የነበረው እርሱን ነው።» ከዚያም ንስር እንዴት እንደሚበር፣ ጭልፊት እንዴት ጅራቱን እያጣመመ እንደሚዞር በእጃቸው አሳዩት። ልጁ እንደገና ስልኩን ወስዶ ስሙን አስተካከለ። ለማያውቀውም ሰው «አያቴም እንደ አንተ ነው ያሉት» ብሎ ጻፈለት።

እኛ ከዚያ ቀን ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፣ እርማት ሁሉ ንቀት አለመሆኑን ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ታላላቆቹም ይታረማሉ፤ መታረም የአባልነት ወግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። በዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ስለ ሁሉ ነገር ልጆቻቸውን ሲጠይቁ የኖሩት አባት፣ ደብዳቤ የሚነበብላቸው፣ ስልክ የሚደወልላቸው አባት፣ በዚያ ሰዓት የልጅ ልጃቸው የጠየቃቸውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ሕይወት መለሱ።

የደረቀው ረግረግ

ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሊጠፋ ሲል ነው። ለዚህ እዚሁ አገራችን ውስጥ ትልቅ ምስክር አለ፤ የሑላ ሸለቆ ነው። በሰሜን የሚገኘው የሑላ ሐይቅና ረግረግ ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ተብሎ ከ1951 እስከ 1958 ውሃው እንዲፈስስ ተደረገ። ውሃው ሲሄድ ወፎቹና ዓሣዎቹም አብረው ሄዱ። የደረቀው አፈር ይቃጠልና በነፋስ ይበን ጀመር። ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ በዚሁ የተቆጩ ሰዎች ተሰባስበው በ1953 የእስራኤልን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ አዛርያ አሎን በልጅነቱ ከዩክሬን የመጣ ዖሌ ነበር። የዚህን አገር አበባና ወፍ ለሕዝቡ ሲያስተዋውቅ የኖረው ከውጭ መጥቶ አገሩን በእግሩ ዞሮ የተማረ ሰው ነው ማለት ነው።

ከረግረጉ የተረፈው ጥቂት ክፍል በ1964 የተከለለ የተፈጥሮ ስፍራ ሆነ። በ1994 ደግሞ ከደረቀው መሬት ከፊሉ እንደገና በውሃ ተሞላ። ዛሬ በክረምት ወራት በዕብራይስጥ ዓጉር የሚባሉት፣ አንገታቸውና እግራቸው ረጅም የሆነው ወፎች በአሥር ሺዎች ሆነው እዚያ ይከርማሉ። ገና ጎህ ሳይቀድ ፎቶ አንሺዎች በብርድ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ከእነዚሁ ወፎች ሌሎች መንጎች መንገዳቸውን ቀጥለው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ይከርማሉ። ከደምቢያ የመጣችሁ አባቶች፣ እርሻ ላይ ሲወርዱ አይታችኋቸው ይሆናል።

የእስራኤል ሰማይ የወፎች አውራ ጎዳና ነው። በየዓመቱ በመጸውና በጸደይ በዚህች ትንሽ አገር ላይ የሚያልፉት ወፎች ወደ 500 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ከእነርሱ መካከል ሽመላ አለች። በጎንደር መንደሮች ልጆች ሳለን ሽመላ ስናይ ስለ ኢየሩሳሌም እንጠይቃት እንደ ነበር ለልጆቻችሁ ነግራችኋቸዋል? እኛ የናፈቅነውን አገር እርሷ በየዓመቱ አቋርጣው ትመጣ ነበር። ዛሬ እኛ እዚህ ሆነን ወደዚያ ስትሄድ እናያታለን። ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በእግሯ ላይ የታሰረውን ቀለበት በረጅም ሌንስ አጉልተው ቁጥሩን ያነባሉ፤ ከየት እንደ ተነሣችና የት እንደ ታየች የሚታወቀው እንዲህ ነው። እኛ በልጅነታችን በዜማ የጠየቅነውን ጥያቄ እነርሱ በቁጥር ይመልሱታል።

የእኛ ረግረግ የትኛው ነው?

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ወደ ተጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ስለ ወፍና ስለ አበባ መነጋገር ለእኛ ምን ይሠራል?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንድ አዛውንት ተለዩን። በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት አንዱ ነበሩ። በመንገድ ላይ ከየትኛው ዛፍ ሥር ጥላ እንዳለ፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላና የትኛው እንደሚገድል፣ ውሃ ቅርብ መሆኑን የምታመለክተው ወፍ የትኛዋ እንደሆነች እርሳቸው ነበሩ የሚያውቁት። ለሐዘን በተቀመጥንበት ጊዜ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ «አያቴ ሁልጊዜ የሚያወራልን ያ ዛፍ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ሾላ ነው አለ። ሌላው ዋርካ ነው አለ። ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ሳይሆን አይቀርም ሲል ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ዝም ተባለ። የሚያውቁት ሰው አልነበሩም። የጻፈም አልነበረም።

የእኛ ረግረግ ይኸው ነው። ማንም ቦይ ሳይቆፍርለት በየዓመቱ እየደረቀ ነው። ቤትና ሥራ ዛሬ ባይገኝ ነገ ታግለን እናገኘዋለን፤ ትግሉንም አናቆምም። የሽማግሌዎቻችን ዕውቀት ግን ነገን አይጠብቀንም። የሑላን ውሃ ከ36 ዓመት በኋላ መመለስ ተችሏል። ሽማግሌ ከቀበሩ በኋላ መመለሻ የለም።

ይህን ስንል ልጆቻችን ፎቶ አንሺ ካልሆኑ ማለታችን አይደለም። መሣሪያው በልጆቻችን ኪስ አለ፤ ስሙ በአያቶቻችን አፍ አለ፤ ስሞቹ የሚሰበሰቡበትና የሚታረሙበት ሥርዓትም ሌሎች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመው አዘጋጅተውልናል። የቀረው እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የምንለምናችሁ

አንደኛ፣ ከዓርብ ጧት ወይም ከሌላ የሚመቻችሁ ቀን አንድ ሰዓት ስጡን። ወላጅ ባይመቸው አያትና ልጅ ብቻ ይምጡ። ሩቅ አንሄድም፤ የሰፈሩ ኮረብታና መናፈሻ ይበቃል። ሰንበትን ግን ለሰንበት እንተዋለን።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ በደብተር አንድ መስመር ይጻፍ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የአማርኛው ስም፣ የዕብራይስጡ ስም፣ ስሙን የነገረው ሰው። ስሙን በትግርኛ ወይም በቅማንትኛ የሚያውቅ ካለ እርሱም ይጻፍ። ሽማግሌዎች በስሙ ካልተስማሙ ሁለቱም ይጻፍ፤ ክርክሩም ራሱ ዕውቀት ነው። በአይናቹራሊስት ላይ ለአንድ ተክል ወይም እንስሳ የየቋንቋው ስም ሊጨመርለት ስለሚችል፣ የተጣራውን ስም እዚያ እናስገባለን።

ሦስተኛ፣ እንጠንቀቅ። በዚህ አገር ብዙ የዱር አበቦች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ፎቶ እናነሣለን እንጂ አንቀጥፍም። ጎጆ ካገኘን ከሩቅ አንሥተን እንሄዳለን። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ያሉበትን ትክክለኛ ቦታ አይናቹራሊስት ራሱ ይደብቀዋል፤ ሌባና አዳኝ እንዳይከተለው ነው። እኛም ልጆቻችን የሚኖሩበትን ቤት እንደዚሁ እንደብቅ፤ ከቤታችን ደጅ የተነሣ ፎቶ ቦታው እንዲሸፈን ማድረግ ይቻላል፣ ትንንሽ ልጆችም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይመዝገቡ። ደግሞም ስልክ ስሙን ነገረን ብለን ምንም ቅጠል እንዳንቀምስ። ጤና አዳም እንኳ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሆንም፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲያገኘውም ያቆስላል።

አራተኛ፣ ለወጣቶቻችን ብቻ የምንናገረው አለን። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አያታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በልጅነትህ ከቤታችሁ ደጅ የነበረው ዛፍ ምን ይባላል?» አማርኛችሁ የተሰባበረ ቢሆንም አትፈሩ። እነርሱ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ስንት ዓመት ሲጠይቁ ኖረዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። በበሬ ሆድ ውስጥ ተደብቀው የጀመሩት ሁለት የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ሣጥን ያዞሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ለመመረቂያ ብለው የጀመሩት ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። እኛ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያለነው ከእነዚያ ሁሉ እንበዛለን።

የጤና አዳሟ ፎቶ በመግቢያው በር አጠገብ ተለጥፋለች። ከሥሯ ሁለት ስም ተጽፏል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ስሙን የነገሩን» ይልና የአያቷ ስም አለ። ከጎኗ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። ደብተሩም ጠረጴዛው ላይ ነው። ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ።

 እግዚአብሔር ሽማግሌዎቻችንን በዕድሜ ያቆይልን።